ልጆቹ ስላይዱን ነው የሚያነቡት፣ ምን ላርግ? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰላም ውድ አንባቢዎች። ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፣ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በስላይድ፣ በቪዲዮ፣ በድምፅ ምናምን እየሰሩ የሚያቀርቡት የክፍል ፕሮጀክት። መምህራንም ወላጆችም ጽፋችኋል፣ አንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪም አለች። ሁሉንም መመለስ ስለማይቻል የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አርጌ የተወሰኑትን መርጫለሁ። ዓመተ ምህረት የጠቀስኩበት ቦታ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ የ4ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ልጆቹን በቡድን ከፋፍዬ ስለ ውሃ ዑደት በፓወርፖይንት ፕሮጀክት እንዲሰሩ አዘዝኳቸው። ሲያቀርቡ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ስላይዱን ማንበብ ብቻ ሆነ። ፊደሎቹ እየተሽከረከሩ ይገባሉ፣ ስላይድ በተቀየረ ቁጥር ጭብጨባ አለ፣ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። መጨረሻ ላይ አንዷን "ተኑ ወደ ላይ ወጥቶ እንዴት ደመና ሆነ?" ብላት ወደ ስላይዱ ዞራ መልሱን መፈለግ ጀመረች። ተስፋ ቆርጫለሁ፣ ልተወው ይሆን? (የ4ኛ ክፍል መምህርት)

መልስ፦ ኧረ እህቴ እንዳትተዪው! ያየሽው ነገር የልጆቹም የኮምፒውተሩም ጥፋት አይደለም፣ የትዕዛዙ ነው። "ስለ ውሃ ዑደት ስሩ" ሲባል ልጅ የሚያደርገው የታወቀ ነው፣ መጽሐፉን ወይ ኢንተርኔት ከፍቶ አንቀጹን ይገለብጣል፣ ስላይድ ላይ ይለጥፋል፣ ከዛ የቀረውን ሰዓት በሙሉ ቀለምና የሚሽከረከር ፊደል ሲመርጥ ያሳልፋል፣ ምክንያቱም እሱ ሊወስንበት የቻለው ነገር ቀለሙ ብቻ ነው። ይዘቱ ላይ የሚወስነው ነገር አልተሰጠውማ።

ስለዚ መጀመሪያ ጥያቄውን ቀይሪው። ዝናብ ዘንቦ ግቢ ውስጥ ውሃ ሲያቁር "ይሄ ውሃ ከሰዓት የት ይሄዳል?" በያቸው። ሲሚንቶ ላይ ያቆረ ከሆነ በጣም አሪፍ ነው። ልጆቹ የውሃውን ጠርዝ ተከትለው በጠመኔ ያሰምራሉ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሰው ውሃው ወደ ውስጥ የሸሸበትን ጠርዝ ደግመው ያሰምራሉ፣ በየጊዜው አንድ ቦታ ቆመው በስልክ ፎቶ ያነሳሉ። ከዛ በየስላይዱ አንድ ፎቶ አስገብተው ቶሎ ቶሎ ሲያሳልፉት ውሃው እያነሰ እያነሰ ሄዶ የጠመኔ ቀለበቶቹ ብቻ ሲቀሩ ይታያል። አፈር ላይ ከሆነ የሰረገውና የተነነው ስለሚቀላቀል ክርክር ይነሳል፣ እሱም ቢሆን ክፋት የለውም። ውሃ ለመትነን የግድ መፍላት እንደሌለበት በዚ መንገድ ያየ ልጅ አይረሳውም፣ ደግሞ ከየትም ሊገለበጥ የማይችል ፕሮጀክት ነው፣ ያ ውሃ ያለው እናንተ ግቢ ብቻ ነዋ።

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ መጨረሻ ላይ ይከፈት። አንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ እኩል ሲታጠፍ 8 ሳጥን ይወጣዋል፣ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ስላይድ ነው። ፊት ለፊት ሥዕል ብቻ ይሳላል፣ ከሥዕሉ ጀርባ በአፍ የሚነገረው ይጻፋል። ወረቀቱን ይዘው ሲመጡ "ይሄኛው ከዚኛው በፊት ለምን መጣ?" ብለሽ ጠይቂ፣ መልስ ያለው ቡድን ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል፣ የሌለው ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። 8 ከበዛ 4 ይበቃል፣ ለ4ኛ ክፍል እኔ 4ቱን እመርጣለሁ።

ንባቡን በተመለከተ፣ በመልቲሚዲያ ትምህርት ጥናት ስሙ የሚነሳው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ሜየር ደጋግሞ ያሳየው ነገር አለ፣ አንድን ሥዕል በድምፅ እያስረዱ ያንኑ ንግግር ቃል በቃል በጽሑፍም ስክሪን ላይ መደርደር አድማጩን ያደክመዋል እንጂ አይረዳውም። ዓይን ሥዕሉን ይይ ወይስ ያንብብ? ስለዚ ስላይዱ ላይ ሥዕሉና ሁለት ሦስት ቃል ይኑር፣ የሚነገረው ከስላይዱ ስር "ኖትስ" በሚለው ቦታ ወይም ትንሽ ካርድ ላይ ይሁን። ጭብጨባውን ደግሞ ያለ ርህራሄ አጥፊው። ሻነን ሃርፕና ይሄው ሜየር በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር በሚያስረዳ ጽሑፍ ውስጥ አዝናኝ ግን ከነገሩ ጋር የማይገናኝ ወሬና ፎቶ ሲጨመር አንባቢዎቹ ዋናውን ሐሳብ የሚያስታውሱት ቀነሰ። እነዛ እንግዲህ የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፣ የ10 ዓመት ልጅማ እንዴት ይሆናል።

አኒሜሽንን ግን ከነጭራሹ እንዳትከለክዪ! እዚ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። የሚጎዳው ፊደል የሚያሽከረክረው ነው። "ሞሽን ፓዝ" የሚባለው፣ አንድን ነገር ባሰመርሽለት መንገድ የሚያስኬደው፣ ልጁ ምን እንደገባውና ምን እንዳልገባው ቁልጭ አርጎ ያወጣልሻል። ከውሃው ወደ ላይ የሚሄድ ቀስት ሲሰራ መጀመሪያ የቱ ይነሳ፣ የቱ ይከተል፣ የቱ ነው ሌላውን የሚያመጣው የሚለውን መወሰን አለበት፣ አንቀጽ ሲገለብጥ ግን ይሄን መወሰን አይጠበቅበትም። ብዙ ልጆች ተኑን እንደ ነጭ ጭስ ይስሉትና ጭሱ ሰማይ ላይ ተሰብስቦ ደመና ሆነ ይላሉ። ተን ግን በዓይን አይታይም፣ ደመና የምንለው ደግሞ ተኑ ሲቀዘቅዝ አየር ላይ ባሉ ጥቃቅን ብናኞች ዙሪያ የተጠራቀሙ ደቃቅ የውሃ ጠብታዎች ናቸው። እና "የማይታይ ነገር ስላይድ ላይ እንዴት ታሳያላችሁ?" ብለሽ ልቀቂያቸው። አንዱ ቡድን ተራርቀው የሚሄዱ ነጠብጣቦች ይሰራል፣ አንዱ ቀስት ብቻ ያረጋል፣ አንዱ ምንም ሳይስል "አይታይማ!" ብሎ ይከራከራል። ያቺ ወደ ስላይዱ የዞረችው ልጅ በዚህ ክርክር ውስጥ ካለፈች መልሱን ግድግዳ ላይ አትፈልግም።

ሳልረሳው፣ ልጆቹ ሲያቀርቡ ኪቦርዱ ላይ "ቢ" የሚለውን ፊደል መጫን አስተምሪያቸው፣ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ደግመው ሲጫኑት ይመለሳል። ስክሪኑ ሲጠቁር ክፍሉ ሌላ የሚያየው ስለሌለው ወደሚናገረው ልጅ ይዞራል።

ጥያቄ፦ ልጄ 2ኛ ክፍል ናት። "ስለ ቢራቢሮ ፕረዘንቴሽን ተዘጋጅታ ትምጣ" ተባለ። እሷ ተኝታ እኔ እስከ እኩለ ሌሊት ስላይድ ስሰራ አመሸሁ፣ ጎበዝ ተብላ መጣች። አሁን ሌላ ታዟል። ለዚ ዕድሜ የሚሆን ቀላል ፕሮግራም አለ ወይስ እኔው ልቀጥል? (የደከመው አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጎበዝ የተባልከው አንተ ነህ! መምህሯም ሳይገባት አይቀርም፣ የወላጅ እጅ ያለበት ስላይድ ወዲያው ነው የሚታወቀው፣ ሁሉም መስመር ቀጥ ያለ፣ ሁሉም ቃል ከመጽሐፍ የወጣ።

ታብሌት ካላችሁ ስክራች ጁኒየርን ሞክሩት። በ2014 የወጣ ነፃ አፕ ነው፣ የተሰራውም ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ነው (ታላቁ ስክራች በ2007 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሚዲያ ላብ ያወጣው ሲሆን ከ8 ዓመት ጀምሮ ላሉት ነው)። ማንበብ ገና ያልቻለ ልጅ እንኳን ሥዕል ያለባቸውን ብሎኮች እየገጣጠመ ገጸ ባህሪ ያንቀሳቅስበታል፣ ራሱ ይስልበታል፣ ድምፁን ይቀዳበታል። አንድ ፕሮጀክት ከ4 ገጽ በላይ አይፈቅድም፣ ይሄ ጉድለት ሊመስልህ ይችላል ግን ቢራቢሮም ያላት አራት ደረጃ ነው፣ እንቁላል፣ አባጨጓሬ፣ ፑፓ፣ ቢራቢሮ፣ በየገጹ አንድ አንድ ማለት ነው። ታብሌት ከሌለም አትጨነቅ፣ አራቱን በወረቀት ትሳል፣ አንተ ፎቶ አንሳውና ስላይድ ላይ አስገባላት፣ እያንዳንዱ ስላይድ ላይ እሷ በራሷ አፍ ድምፅ ትቅዳ። ፓወርፖይንት ውስጥ "ኢንሰርት" ከዛ "ኦዲዮ" ከዛ "ሪከርድ ኦዲዮ" ነው። ያንተ ስራ ስልኩን መያዝና "ከዛስ? እንቁላሉን የት ጣለችው? አባጨጓሬው ለምን ብዙ ይበላል?" እያልክ መጠየቅ ነው። ክንፉ ተጣሞ ቢሳል እንዳታስተካክለው!

ደግሞ ኦንላይን የሆኑት ብዙዎቹ መሳሪያዎች አካውንት ለመክፈት 13 ዓመት የሞላው ይላሉ። ከጀርባው ያለው በአሜሪካ በ1998 የወጣው ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ መረጃ መሰብሰብን የሚከለክል ሕግ ነው። የልጅቷን የልደት ቀን ቀይሮ ማስገባት መፍትሄ አይደለም፣ በትምህርት ቤቱ በኩል የሚከፈት የተማሪ አካውንት እንዳለ ጠይቅ፣ ከሌለ አካውንት በማይፈልግ ፕሮግራም ስሩ።

ጥያቄ፦ እቤት ስሰራው ቪዲዮውም ድምፁም በደንብ ይሰራ ነበር። በፍላሽ ትምህርት ቤት ወስጄ ስከፍተው ቪዲዮው እምቢ አለ፣ አማርኛው ደግሞ ሁሉም ሳጥን ሳጥን ሆነ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ምንድነው ያጠፋሁት? (5ኛ ክፍል)

መልስ፦ የኔ ጎበዝ፣ ምንም አላጠፋሽም፣ ትልልቆቹም ስብሰባ ላይ ይሄው ነው የሚገጥማቸው። ቪዲዮው እምቢ ያለው ምናልባት ፋይሉ ውስጥ ስላልገባ ነው። ቪዲዮ ስታስገቢ ሁለት ምርጫ አለ፣ "ኢንሰርት" ካልሽ ቪዲዮው ራሱ ስላይዱ ውስጥ ይገባል፣ "ሊንክ" ካልሽ ግን ስላይዱ የሚይዘው ቪዲዮው ያለበትን አድራሻ ብቻ ነው፣ ቪዲዮው እቤት ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ከዩቲዩብ የተገናኘ ከሆነም ኢንተርኔት ከሌለ አይከፈትም። ስለዚ "ኢንሰርት" አርጊው፣ ፋይሉ በጣም ከከበደ "ፋይል" ከዛ "ኢንፎ" ውስጥ "ኮምፕረስ ሚዲያ" የሚል አለ፣ ያቀልልሻል።

ሳጥኖቹ ደግሞ የፎንት ጉዳይ ናቸው። አንቺ የጻፍሽበት የአማርኛ ፎንት ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የለም። ዊንዶውስ 10 ላይ ኢብሪማ የሚባለው ፎንት ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ስለሚመጣና የኛን ፊደል ስለሚያውቅ በሱ ብትጽፊ ብዙ ቦታ ይነበብልሻል። ኒያላም የታወቀ ነው ግን ዊንዶውስ 10 ላይ በተጨማሪነት ነው የሚጫነው። ሌላው "ፋይል"፣ "ኦፕሽንስ"፣ "ሴቭ" ውስጥ ገብተሽ "ኢምቤድ ፎንትስ" የሚለውን ምልክት ማድረግ ነው፣ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ታሽጎ አብሮሽ ይሄዳል።

ለማንኛውም ፍላሽሽ ላይ ሦስት ዓይነት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ፣ ዋናውን ፓወርፖይንት፣ በ"ኤክስፖርት" ወደ ቪዲዮ የተቀየረውን፣ እና ፒዲኤፉን። ቪዲዮው ላይ ፊደሉም ድምፁም አይጠፋም ግን እያቆምሽ ለማስረዳት አይመችም፣ ፒዲኤፉ ፊደሉን ይይዛል ግን ድምፅ የለውም። ከሁሉም በላይ መምህርሽን "ከማቅረቤ አንድ ቀን በፊት ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ልክፈተው?" ብለሽ ጠይቂ፣ እምቢ የሚል መምህር ያለ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ ያለው አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ነው፣ ልጆቹ ግን ከ50 በላይ ናቸው። ሁሌ ማውሱን የሚይዙት እቤታቸው ኮምፒውተር ያላቸው እነዛው ልጆች ናቸው፣ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው ያያሉ። (የ6ኛ ክፍል መምህር)

መልስ፦ አንድ ሕግ አውጣ ወንድሜ፣ ማውሱን የሚይዘው የማያውቀው ልጅ ነው። የሚያውቀው እጁን ወደኋላ አርጎ በአፉ ብቻ ይመራል። መጀመሪያ ሰሞን "ስጠኝ አሳይሃለሁ" የሚል ጩኸት ይበዛል፣ እያደር ግን አዋቂው ልጅ "ቀኝ ክሊክ አርግ፣ አይ እሱን አይደለም፣ ከላይ ያለውን" እያለ በቃል ማስረዳት ይለምዳል፣ ለሱም ከባድ ትምህርት ነው። በየስላይዱ ተራ ይቀያየሩ።

ላፕቶፑ አንድ መሆኑ ደግሞ አብዛኛው ስራ ከሱ ውጪ ከተሰራ ያን ያህል አያስቸግርም። አንድ ስልክ ብቻ የሚፈልግ ፕሮጀክት ልንገርህ። አንድ የባቄላ ዘር በመስታወት ብርጭቆና በእርጥብ ሶፍት መሀል ከውጪ እንዲታይ አርገህ አስቀምጥ፣ ብርጭቆው የሚቀመጥበትንና ስልኩ የሚቆምበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት አርግ፣ ከዛ በየቀኑ ተራ የደረሳቸው ልጆች የተወሰኑ ፎቶዎች ያንሱ። ከመጀመሩ በፊት ግን ሁሉም መጀመሪያ ምን ብቅ እንደሚል ስለው ይስጡህ። ቅጠል የሚስሉት ይበዛሉ፣ ቀድሞ የሚወጣው ግን ሥር ነው፣ ዘሩ ተገልብጦ ቢቀመጥ እንኳን ሥሩ ዞሮ ወደ ታች ይሄዳል። ፎቶዎቹ ሲጠራቀሙ ፓወርፖይንት ውስጥ "ፎቶ አልበም" በሚለው ሁሉንም በአንዴ ታስገባቸዋለህ፣ እያንዳንዱ ስላይድ ከ0.2 ሰከንድ በኋላ በራሱ እንዲያልፍ ካረክ 50 ፎቶ 10 ሰከንድ የምትሆን ፊልም ይወጣዋል። ላፕቶፑ ያረጀ ከሆነ ይንቀራፈፋል፣ ፎቶዎቹን ቀድመህ ብታሳንሳቸው ይሻላል። ላፕቶፑ የተፈለገው ለመጨረሻዋ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ልጆቹ በመጀመሪያ የሳሉትን ሥዕል ከፊልሙ አጠገብ አስቀምጠው ልዩነቱን ያስረዱ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ የልጅ ልጆቼን ሳይ ግን ግራ ይገባኛል። በጠመኔና በሰሌዳ ስንት ሰው አስተምረን አይደል ለቁምነገር ያበቃነው? ይሄ ስላይድ የሚሉት የቢሮ ሰዎች ነገር ለሕፃን ምን ይሰራል? (አንድ አያት)

መልስ፦ አባባ፣ ከጥርጣሬዎ ግማሹን እኔም እጋራለሁ። "የቢሮ ሰዎች ነገር" ያሉት ትክክል ነው፣ ፓወርፖይንትን ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን የሰሩት ለስብሰባ የሚሆን ማቅረቢያ ለማዘጋጀት ነበር፣ በ1987 ለማኪንቶሽ ወጣ፣ እዛው ዓመት ማይክሮሶፍት በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ልጅ በሐሳባቸው አልነበረም። ግን በዛው ዘመን ክሬግ ሂክማን የሚባል ሰው ትንሹ ልጁ የአዋቂዎች የሥዕል ፕሮግራም ሲያስቸግረው አይቶ ኪድ ፒክስ የሚባለውን ሰርቶለታል፣ የሳሉትን ለማጥፋት ድማሚት ተጭነው ስክሪኑን በሙሉ የሚያፈነዱበት! ስለዚ ለሕፃን የታሰበም አለ።

ሰሌዳው የሚበልጥበት ቦታም አለ። የሂሳብ ጥያቄ ደረጃ በደረጃ ሲሰራ መምህሩ እየጻፈ፣ እያመነታ፣ እየሰረዘ ቢያሳይ ተሰርቶ ካለቀ ስላይድ ይሻላል፣ ልጁ አስተሳሰቡን እያየ ይከተላላ። ሰሌዳው የማይችለው ደግሞ ጊዜንና ድምፅን ነው፣ ባቄላው በ10 ሰከንድ ሲያድግ፣ የወፉ ድምፅ፣ የልብ ምት። እና አንድ ሰው የማያስበው ነገር፣ ክፍል ፊት ቆሞ መናገር የሚያስፈራው ልጅ ድምፁን ለብቻው ቀድቶ፣ ካልወደደው አጥፍቶ ደግሞ ቀድቶ ማቅረብ ይችላል። እርስዎም በማስተማር ዘመንዎ ሙሉ ዓመት ድምፁን ያልሰሙት ተማሪ ሳይኖር አይቀርም።

ጥያቄ፦ ነጥብ ስሰጥ ለስላይዱ ውበት ስንት ልያዝ? (አጭር ጥያቄ ከ3ኛ ክፍል መምህርት)

መልስ፦ ለውበት ምንም፣ ለመነበብ ትንሽ። ከኋላ ወንበር ይነበባል ወይ? ፊደሉና ጀርባው ይለያያሉ ወይ (ቢጫ በነጭ ላይ አይሆንም)? በቃ። የቀረውን ለይዘቱና ስላይዱ ላይ ለሌለ አንድ ጥያቄ በቃል ለሚሰጡት መልስ አርጊው። ጥያቄው እንደሚመጣ ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ፎቶ ከየት አመጣችሁ ሲባሉ "ከጎግል" ነው የሚሉት። ችግር አለው? (የቤተ መጻሕፍት ሰራተኛ)

መልስ፦ ጎግል ያሳያል እንጂ የሱ አይደለም፣ ፎቶው የሆነ ሰው ንብረት ነው። ልጆቹን ዊኪሚዲያ ኮመንስ የሚባለው የነፃ ፎቶዎች ድረ ገጽ ላይ መፈለግ አለማምጃቸው፣ እያንዳንዱ ፎቶ ስር ማን እንዳነሳውና በምን ፈቃድ እንደተለቀቀ ተጽፏል፣ አብዛኛው የክሪየቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ነው፣ ባለቤቱ ሌሎች እንዲጠቀሙበት አስቀድሞ የሚፈቅድበት ማለት ነው፣ የባለቤቱን ስም መጥቀስ ይጠይቃል። ለጠፈርና ለፕላኔት ደግሞ የናሳ ፎቶዎች ባብዛኛው የቅጂ መብት የለባቸውም፣ ናሳ ብሎ መጥቀስ በቂ ነው። ስሙ እዛው ፎቶው ስር በትንሹ ይጻፍ፣ መጨረሻ ላይ ማን ምን እንደነበር ይረሳሉ።

ራሳቸው ያነሱት ሁሌም ይሻላል፣ ሰው ካለበት ግን ተጠንቀቂ። የክፍል ጓደኛ ፊት ያለበት ስላይድ ክፍል ውስጥ ታይቶ ቢቀር ነው የሚሻለው፣ ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ወይም የትምህርት ቤቱ ገጽ የሚሄድ ከሆነ የልጁም የወላጁም ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ካልተገኘ ከጀርባ ወይም እጅ ብቻ የሚታይበትን ፎቶ ይጠቀሙ።